አንዲት ጥይት ብቻ ይፈቀድላችኋል



 የመጣሁበት ጉዳይ ድራማ ነው። ያውም ያልሆነውን ታሪክ እንደሆነ አድርጎ የሚያሳይ የቴሌቪዥን ድራማ። ፈረንጆች ለዚህ ዓይነቱ ድርሰት ስም አውጥተውለታል፤ የራሱ ደራሲዎች፣ የራሱ ተመልካቾች፣ የራሱ ሽልማት አለው። እኛ ስም አላወጣንለትም እንጂ ከቡና ጋር ስንጠጣው ኖረናል። «ቢሆን ኖሮ» ነው ነገሩ። መቀሌ ውስጥ ሦስት ሽማግሌዎች ያሉበት ቡና ላይ ተቀምጦ «አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ባይወድቁ ኖሮ» የምትለዋን ሳይሰማ የተነሣ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

አላየሁም። እንግዲህ ሁላችንም የዚህ ድርሰት ደራሲዎች ነን ማለት ነው።

ደግሞም ያጓጓል። መጋቢት 1881 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ጦር መተማ ላይ የደርቡሾችን ቅጥር ጥሶ ገብቶ ነበር። ድሉ እጅ ሊገባ ሲል ንጉሡ በጥይት ተመቱ። ወሬው ሲሰማ ጦሩ ተፈታ። ንጉሡ ዐረፉ፤ አስከሬናቸው በጠላት እጅ ወደቀ፤ ራሳቸው ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን፣ ምኒልክ ውጫሌ ላይ ከጣልያን ጋር ውል ተፈራረሙ። ከውጫሌ ዓድዋ መጣ። አንዲት ጥይት ይህን ሁሉ ስትጎትት ያየ ደራሲ ጥይቷን በአንድ ክንድ ያህል ወደ ጎን ሊያሳልፋት ቢጎመጅ አይፈረድበትም።

ያሳልፋት። እኔ የምከራከረው ከዚያ በኋላ ስላለው ነው። የዚህ ድርሰት ሕግ በእኔ አስተያየት አንድ ነው፦ አንዲት ውሸት ይፈቀድልሃል፤ ከእሷ በቀር ያለው ሁሉ ከተራ የታሪክ ድራማ ይልቅ እውነት መሆን አለበት። ምክንያቱም ተመልካቹ አንዷን ውሸት ዐውቆ፣ ፈቅዶ ነው የተቀበለህ። ሁለተኛዋን ግን ሳያውቅ ነው የምታጎርሰው። ታሪኩን ያልተማረ ልጅ የትኛው የፈጠርከው፣ የትኛው የሳትከው እንደሆነ በምን ይለያል?

በዓለም ላይ ከታወቁት የዚህ ዓይነት ድራማዎች አንዱን ልውሰድ። አማዞን እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2019 በአራት ምዕራፍ ያሳየው «ዘ ማን ኢን ዘ ሃይ ካስል» ነው። መነሻው ፊሊፕ ኬ. ዲክ እ.ኤ.አ. በ1962 ያሳተመው ልብ ወለድ ነው። ጀርመንና ጃፓን የሁለተኛውን ዓለም ጦርነት አሸንፈው አሜሪካን ለሁለት ተካፍለዋታል፤ ምሥራቁ ለናዚ፣ ምዕራቡ ለጃፓን፣ መካከሉ የማንም ያልሆነ ምድር። ዲክ የለወጣት ጥይት የታወቀች ናት። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1933 ጁሴፔ ዛንጋራ የሚባል ሰው ማያሚ ላይ በፍራንክሊን ሩዝቬልት ላይ ተኩሶ ስቷል፤ የቺካጎው ከንቲባ ነው የሞተው። በልብ ወለዱ አልሳተም። ሩዝቬልት ሞተ፣ አሜሪካ ደከመች፣ ጦርነቱ ተሸነፈ። እስኪ መተማንና ማያሚን ጎን ለጎን አድርጉልኝ። ዲክም የመቀሌ ሽማግሌዎችም የያዙት አንድ ዓይነት ጥይት ነው።

ይህን ድራማ ስሕተቱን ለመልቀም ያየው ሰው ብዙ ነው። አንዳንዱ ለቀማ ግን ራሱ ስሕተት ነው። ለምሳሌ «ራይንሃርድ ሃይድሪክ እንዴት በሕይወት ይታያል? እ.ኤ.አ. በ1942 ፕራግ ላይ ተገድሎ የለም ወይ?» ይላሉ። ሞቷል፣ በእኛ ዓለም። ታሪኩ በ1933 ከተገነጠለ ግን ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ፕራግ ላይ የሆነው ሁሉ እንደነበረ ይደገም የሚል ሕግ የለም። ይህ የጥይቷ ልጅ ነው፤ ስሕተት አይባልም።

ስሕተት የሚባለው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 እንግሊዝንና ፈረንሳይን የምትለየዋን ቀጭን ባሕር መሻገር ያቃተው የጀርመን ጦር አትላንቲክን እንዴት ተሻገረ? ሠራዊቱ ቻይና ውስጥ ተወጥሮ የነበረው ጃፓን ካሊፎርኒያን የሚይዝበትን ወታደር ከየት አመጣ? ለዚህ የድራማው መልስ ቦምብ ነው። ናዚዎች ዋሽንግተን ላይ የአቶሚክ ቦምብ ጣሉ።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ነገሩ እኛው ደጃፍ ድረስ ይመጣልና። ቦምቡን በእውነተኛው ዓለም አሜሪካ የሠራችው በብዙ ስደተኛ ሳይንቲስቶች ነው። አንደኛው ጣልያናዊው ኤንሪኮ ፌርሚ ነበር። ፌርሚ እ.ኤ.አ. በ1938 መጨረሻ ኖቤሉን ሊቀበል ስቶክሆልም ሄዶ በዚያው ወደ ኒው ዮርክ አቀና። ለምን? ሚስቱ አይሁዳዊት ነበረች፤ ሙሶሊኒ በዚያው ዓመት የዘር ሕግ አውጥቷል። ያ ሕግ ግን ከሰማይ አልወረደም። ከዚያ አንድ ዓመት አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1937፣ በቅኝ ግዛቱ ጣልያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ሲኖር ቢገኝ እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር ተደንግጎ ነበር። ሰውን በዘሩ የሚከለክለው የጣልያን ሕግ መጀመሪያ የተሞከረው አስመራ፣ አዲስ አበባ፣ መቀሌ ላይ ነው፤ ሮም የደረሰው ቀጥሎ ነው። ስለዚህ ቦምቡን ለፋሺስትና ለናዚ የሚሰጥ ደራሲ አንድ ዕዳ አለበት፦ ሳይንቲስቶቹን ያባረረውን ሕግ ምን አደረገው? ሕጉን ካስቀረ ናዚው ናዚ አይሆንም። ሕጉን ካስቀመጠ ቦምቡ አይኖርም። ይህን ሳይመልሱ የወታደሩን ቁልፍ መቁጠር ከንቱ ድካም ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። የጦር ቃል ኪዳኑን እ.ኤ.አ. በመስከረም 1940 በርሊን ላይ የፈረሙት ሦስት ናቸው፤ ጀርመን፣ ጣልያን፣ ጃፓን። በድራማው አሜሪካን የተካፈሉት ሁለት ናቸው። ሦስተኛው የት ገባ?

ለሎስ አንጀለስ ደራሲ ይህ ጥያቄ ላይታየው ይችላል። ለመቀሌ ሰው ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። እዚህ ጦርነቱ የተጀመረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ የጣልያኑ ጄኔራል ዴ ቦኖ መረብን ሲሻገር። ፖላንድ ገና አራት ዓመት ይቀራት ነበር። ጥቅምት 28 መቀሌ ተያዘች። ከዚያ ተምቤን፣ አምባ አራዶም፣ ሽሬ፣ መጨረሻ መጋቢት 22 ቀን ማይጨው፤ በላዩም የመርዝ ጋዙ። በጋዙ ነገር እንዲያውም እውነተኛው «ቢሆን ኖሮ» ድራማ ጣልያን አገር ውስጥ ነው የተሠራው። መንግሥቱ መርዝ መጣሉን በግልጽ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ከ60 ዓመት በኋላ። እስከዚያ ድረስ ብዙ ጣልያናዊ መርዝ ባልተጣለበት ኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ነበር የኖረው። ያኛውን የተሳሳተ ድራማ ያረመው አንጄሎ ዴል ቦካ የተባለ የታሪክ ጸሐፊ ከመዝገብ ቤት ሰነድ እያወጣ ነው።

ወደ ድራማው ልመለስ። የጣልያን የምሥራቅ አፍሪካ ጦር አዛዥ የአኦስታው መስፍን እጁን የሰጠው የት ነው? ከዚህ በማይጨው መንገድ ወደ ደቡብ ስትወርዱ፣ አምባላጌ ላይ፣ በግንቦት 1933 ዓ.ም.። ያ አምባ ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. የጣልያኑ ሻለቃ ቶዜሊ የሞተበት ያው አምባ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገብተዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን አሜሪካ ገና ጦርነቱ ውስጥ አልገባችም። ስለዚህ በድራማው የራሱ ስሌት ብንሄድ እንኳ፣ ቦምቡ ዋሽንግተን ላይ ሲወድቅ ኢትዮጵያ ነጻ የወጣች አገር ልትሆን ትችላለች። ታዲያ ምን ሆነች? ጣልያን ተመልሶ ወረራት? ወይስ ዙሪያዋን ተከባ ብቻዋን ቀረች? ወይስ ጃንሆይ መጀመሪያውኑ ከእንግሊዟ ባዝ ከተማ ሳይነሡ ስደት ላይ ዐረፉ? ሦስቱም እያንዳንዳቸው አንድ ምዕራፍ የሚወጣቸው ድራማዎች ናቸው። እኔ እስከማውቀው ማንም አልጻፋቸውም።

ዲክ በልብ ወለዱ ስለ አፍሪካ ያለው ጥቂት ነው፤ ጥቂቱ ግን ያስደነግጣል። ናዚዎች ሜዲትራንያንን አድርቀው አርሰውታል፤ የአፍሪካን ሕዝብ ፈጅተውታል። ባሕሩን የማድረቁ ነገር የደራሲው እብደት እንዳይመስላችሁ፤ ሄርማን ዞርገል የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ጂብራልታር ላይ ግድብ ሠርቶ ባሕሩን ዝቅ ለማድረግ ዕድሜውን ሙሉ ሲወተውት ኖሯል። ዲክ ቢያንስ ይህን ያህል አጥንቶ ነበር። ግን የአንድ አህጉር እልቂት እግረ መንገድ የሚነገርበት፣ የአንዲት አሜሪካዊት ፍቅር ግን ምዕራፍ የሚመደብለት ታሪክ ከመቀሌ ሆኖ ሲነበብ ሌላ ነው።

ሦስተኛውን ያስታወሱት ራሳቸው ጣልያኖች ናቸው። ኤንሪኮ ብሪዚ የተባለ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመው ልብ ወለድ ፋሺስት ጣልያን ግዛቷን እንደያዘች እስከ 1960 ትዘልቃለች። ዋናው ገጸ ባሕርይ የስፖርት ጋዜጠኛ ነው፤ እንደ ቅጣት ወደ አፍሪካ ተልኮ የቅኝ ግዛቱን የእግር ኳስ ሊግ ይዘግባል። ሐሳቡ ብልሃት አለው፤ አልክድም። እኔ ግን ያነበብኩት በእውነተኛው 1960 ላይ ቆሜ ነው።

በእውነተኛው እ.ኤ.አ. 1960፣ በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ማለት ነው፣ ሮም ውስጥ ማራቶን ተሮጠ። የክብር ዘበኛው አበበ ቢቂላ ባዶ እግሩን ሮጠ። መጨረሻው አካባቢ ሙሶሊኒ ከአክሱም ነቅሎ የወሰደው ሐውልት ቆሟል። አበበ ጥሎ ለመሄድ አስቀድሞ የመረጠው ቦታ ያ ነበር፤ እዚያ ሲደርስ አፈተለከ፤ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ገባ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ ጥር 1954 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ አነሣች። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር፤ አስመራ ተወልዶ፣ አባቱ ጣልያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። እ.ኤ.አ. በ1940 የወጣው የፋሺስት ሕግ እንዲህ ያለውን ልጅ አባቱ ልጄ ብሎ እንዳይቀበለው ይከለክል ነበር። ብሪዚ የፈጠረው ሊግ ቢኖር ኖሮ ቫሳሎ በየትኛው ስም ይጫወት ነበር?

ስለ ሐውልቱ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለአልባሳትና ለመድረክ ባለሙያዎች ይጠቅማል። የእ.ኤ.አ. 1962ን ፋሺስት ሮም ለመሥራት የሚነሣ ሰው የአክሱምን ሐውልት መሃል ከተማ ቢያቆም ተመልካቹ «ምን ዓይነት ፈጠራ ነው!» ይል ይሆናል። ፈጠራ አይደለም። ሐውልቱ በእውነተኛዋ ሮምም በ1962 እዚያው ነበር። የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ አክሱም ላይ የቆመው በ2000። ፋሺስት ባሸነፈበት ዓለምና በተሸነፈበት ዓለም መካከል ይህ 24 ሜትር ድንጋይ ለአሥርት ዓመታት ልዩነት አልነበረውም።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ከእናንተ መካከል «ዮሐንስ ባይወድቁ» የሚለውን በቴሌቪዥን ልሥራ የሚል ወጣት አለ እንበል። ይህች ከተማ መብራትም ስልክም ቴሌቪዥንም የጠፋባትን ጊዜ አይታለች፤ ያን ጊዜ በጨለማ ቁጭ ብሎ ያልሆነውን ሲያስብ ያደረ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። ይሠራ። ጥይቷን ያሳልፋት። ንጉሡ መተማ ላይ አሸንፈው ይመለሱ።

ሲመለሱ ግን ምን ይጠብቃቸዋል? ከብቱ ሞቷል። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት ቸነፈር ለማንም ንጉሥ ጥይት አይታዘዝም። በሬ ከሌለ እርሻ የለም፤ እርሻ ከሌለ እህል የለም፤ ክፉ ቀን የተባለው ያ ነው። በሽታው የመጣው ጣልያን ለጦሩ ካስገባው ከብት ጋር ነው፤ ጣልያን ደግሞ ምጽዋ የገባው ከመተማ አራት ዓመት ቀድሞ ነው። ስለዚህ በድራማህ ዮሐንስ ድል አድርገው መጥተው ጎተራቸው ሞልቶ፣ ሠራዊታቸው ጠግቦ ወደ ባሕሩ ሲወርዱ ካሳየኸኝ፣ ሁለተኛዋን ውሸት አጎረስከኝ ማለት ነው። አሸናፊ ንጉሥ የተራበ አገር ላይ ሲገዛ አሳየኝ፤ ያ ድራማ ነው።

ጥቃቅኑም አለ። አንድ ጊዜ በአንድ የታሪክ ድራማ ቀረጻ ላይ እንዳማክር ተጠርቼ ነበር፤ የማን እንደሆነ ይለፈኝ። የ1881 ዓ.ም. ትዕይንት ነው፤ ፈረሰኞቹ ጥሩ፣ ጎራዴው ጥሩ፤ ከኋላ ኮረብታው ሙሉ ባሕር ዛፍ። ባሕር ዛፍ እዚህ አገር የገባው በምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ ከመተማ ከዓመታት በኋላ ነው አልኩ። «ማን ያያል?» ተባልኩ። እሺ፣ በለሱን ግን ተዉት አልኩ፤ በለስ ቀድሞ ገብቷል። ከዚያ ባንዲራው መጣ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ በአንድ ጨርቅ ላይ ተሰፍቶ የአገር ባንዲራ የሆነው ከዓድዋ በኋላ፣ በ1890 ዓ.ም. ነው። ይኼኛው ንግግር ከባሕር ዛፉ ይልቅ አስቆጣ። የሚገርመው፣ አንድ ትክክለኛ ነገር ሊጥሉ ሲሉ ደረስኩ። የንብረት ኃላፊው ጠገራ ብር አምጥቶ ነበር፤ ላዩ ላይ 1780 የሚል አለ። «መቶ ዓመት ያለፈበት ገንዘብ ነው፣ ያሳስታል» ብለው ሊያነሡት ነው። የማርያ ቴሬዛ ብር ከንግሥቲቱ ሞት በኋላ መቼም ቢታተም ዓመቱ 1780 ነው፤ የሞተችበት። በዚያ ቀን ከሁሉ ትክክል የነበረው ያ ሳንቲም ነው።

ስለ ሰዎቹም አስቡ። በ1870ዎቹ መቀሌ ላይ የተሠራውን ያንን የዮሐንስ ቤተ መንግሥት የሠራው ጂያኮሞ ናሬቲ የሚባል ጣልያናዊ አናጢ ነው። ድራማችሁ ውስጥ የሚታይ ጣልያናዊ ሁሉ ዶጋሊ ላይ የሚሞት ወታደር ከሆነ፣ ዙፋኑን የጠረበውን ሰው ሰርዛችሁታል። ቋንቋውም እንዲሁ፦ የዮሐንስ ቤተ መንግሥት ትግርኛ ሲያወራ አማርኛ ይጽፍ ነበር። አንዱን ብቻ የሚያሰማ ድራማ፣ የትኛውንም ቢመርጥ፣ ለዛሬ ጠብ ሲል ነው የመረጠው።

የቀን ስሌትም አደራ። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ጊዮርጊስ ዕለት ነው። በስልካችሁ መቀየሪያ ካያችሁት የካቲት 23 ዛሬ የፈረንጅ መጋቢት 2 ላይ ይውላል፤ ስለዚህ አንዳንዱ ድራማ ጦርነቱን መጋቢት 2 ቀን 1896 ይለዋል። ስሕተት ነው፤ መጋቢት 1 ነው። ፈረንጆች በ1900 ጳጉሜናቸውን፣ የየካቲትን 29ኛ ቀን ማለቴ ነው፣ ስለዘለሉት ልዩነቱ በአንድ ቀን ሰፋ። ከ1900 በፊት ያለውን ቀን በዛሬ ሂሳብ የሚቀይር ሁሉ ቢያንስ በአንድ ቀን ይሳሳታል።

ጥይት የማይጠይቅ «ቢሆን ኖሮ» የሚፈልግ ካለ ደግሞ ሩቅ አይሂድ። ዛሬ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሆነው እንዳ ኢየሱስ በ1888 ዓ.ም. የጣልያን ምሽግ ነበር። መድፍና ነፍጥ ያልፈታውን ያን ምሽግ በእቴጌ ጣይቱ ምክር ምንጩን መያዝ ፈታው፤ ሻለቃ ጋሊያኖ በውኃ ጥም እጅ ሰጥቶ፣ መሣሪያውን ይዞ እንዲወጣ ተፈቀደለት። በዓድዋም ሞተ። ምንጩ ባይያዝስ? የዓለም ተመልካች የሚያየው ድራማ ነው፤ ስቱዲዮውም ኮረብታው ላይ ተቀምጧል።

ለሚጽፈው ሰው የምለምነው አንድ ነገር ነው። ፊሊፕ ሮዝ እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ በፋሺስት ወዳጅ ፕሬዚዳንት እጅ ብትወድቅ ብሎ ልብ ወለድ ጽፎ፣ ኤች.ቢ.ኦ. በ2020 በቴሌቪዥን አሳይቶታል። ሮዝ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ በታሪኩ የገቡት ሰዎች በእውነት ምን እንደሠሩና መቼ እንደሞቱ ዓመት በዓመት አስፍሯል። እናንተም እንዲሁ አድርጉልን። የመጨረሻው ክፍል ሲያልቅ፣ የተዋንያኑ ስም ከመውረዱ በፊት፣ በእውነት የሆነውን በአማርኛም በትግርኛም አስነብቡን። ሁለት ደቂቃ ይበቃል።